ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ሐኪምነት፦ በአሜሪካ “ዋስትና ያለው” የሜዲካል ስኩል መግቢያ ምን ይሰጣል፣ ምን ያስከፍላል?

በአሜሪካ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ሁለት ጊዜ ይወዳደራል። መጀመሪያ ከሀይስኩል ወደ ኮሌጅ ለመግባት፣ 4 ዓመት ተምሮ ዲግሪውን ሲይዝ ደግሞ እንደገና ሜዲካል ስኩል ለመግባት። ሁለተኛው በር ጠባብ ነው። በቅርብ ዓመታት ኤምዲ የሚባለውን የሐኪምነት ዲግሪ ለሚሰጡት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፤ ትምህርት የሚጀምረው ግን ወደ 23 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አመልካቾች፣ ብዙዎቹ ጎበዝ ተማሪዎች ሆነው ሳለ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ይህን ሁለተኛ በር ገና 12ኛ ክፍል ላለ ልጅ ቀድመው የሚከፍቱ ፕሮግራሞች አሉ። ቢኤስ/ኤምዲ ወይም ቢኤ/ኤምዲ ይባላሉ። ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ የሜዲካል ስኩል ቦታውም አብሮ ይያዝለታል፤ እንደ ፕሮግራሙ 6፣ 7 ወይም 8 ዓመት ተምሮ ኤምዲውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም አዲስ ሐኪም ከ3 እስከ 7 ዓመት የሚወስድ ሬዚደንሲ የሚባል የሆስፒታል ሥልጠና ይጠብቀዋል፤ ቢኤስ/ኤምዲ እሱን አያሳጥርም።

የኢትዮጵያ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ጆሯቸውን ቢያቆሙ አይገርምም። አገር ቤት ሕክምና ከ12ኛ ክፍል ቀጥሎ የሚገባበት ትምህርት ነው። ዲግሪ ይዞ ሕክምና መማር የሚቻልበት መርሐ ግብር በሰፊው የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ዋናው መንገድ ግን ዛሬም ያው ቀጥታው ነው። ስለዚህ ለሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለዳላስ ወላጅ ቢኤስ/ኤምዲ የሚያውቀውን ነገር ይመስለዋል። መሳሳቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ሕክምና የተመደበ ተመደበ ነው። እዚህ “ዋስትና” የሚለው ቃል ገደብ የተጻፈበት ውል ነው፤ ውሉ ምን እንደሚሰጥና ተማሪውን በምን እንደሚያስር ሳያነቡ መፈረም ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ኢትዮጵያን ከሚመለከተው በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዋስትናው ምንድን ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩት ፕሮግራሞች ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው እውነተኛው ዋስትና ነው። ተማሪው የተጻፈለትን ውጤት ከጠበቀ፣ ኤምካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ሳይወስድ ወደ ሜዲካል ስኩሉ ያልፋል። በዚህ ረገድ በጣም የሚታወቀው የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፒኤልኤምኢ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ የ8 ዓመት ፕሮግራም ሲሆን፣ ተማሪው ታሪክም ይሁን ሙዚቃ የወደደውን ትምህርት በዋናነት መማር ይችላል። የሚያመለክቱት በሺዎች ሲቆጠሩ የሚገቡት ግን ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ቦታውን ይዞ ኤምካት የሚጠይቅ ነው። አነስተኛ ውጤት ይጽፋል፤ ከዚያ በታች ያመጣ ዋስትናው ይቀርበታል። ኤምካት ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል የሚወስድ፣ ከ472 እስከ 528 የሚታረም ፈተና ነው። በመደበኛው መንገድ ሜዲካል ስኩል የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ውጤት 511 እና 512 አካባቢ ነው። አንድ ፕሮግራም የሚጠይቀው ውጤት ለዚህ ቁጥር ከተቃረበ፣ ልጁ ያለ ዋስትናውም በዚያው ውጤት ሌላ ቦታ ተወዳድሮ ሊገባ ይችል ነበርና የዋስትናው ዋጋ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ዋስትና የሚሰጠው ለቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ውጤትህን ከጠበቅህ እናነጋግርሃለን ይላል፤ እንቀበልሃለን አይልም። በኮሌጆች ማስታወቂያ ላይ “ልዩ ትስስር” ወይም “ቅድሚያ የሚሰጥ” የሚል ቃል ካለ ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱትም በዚህ ነው።

አራተኛው ከሀይስኩል ሳይሆን ከኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚያመለክቱበት ነው፤ ኧርሊ አሹራንስ ይባላል። በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ የሚገኘው የአይካን ሜዲካል ስኩል በ1987 ለሥነ ጽሑፍና ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ብሎ የጀመረው ፕሮግራም ዛሬ ፍሌክስሜድ ተብሎ ከየትኛውም ትምህርት የመጡ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ያለ ኤምካት ይቀበላል። ጆርጅታውን፣ ተፍትስና የቡፋሎው ዩኒቨርሲቲም ይህን መሰል መንገድ አላቸው። በሐበሻው ማኅበረሰብ ዘንድ ብዙም አይወራለትም፤ ከአራቱ ግን ለብዙ ልጆች የሚሻለው ይህ ነው። ልጁ በ17 ዓመቱ ሳይሆን በ19 ዓመቱ ይወስናል፤ ኮሌጁንም በዋጋው መርጦ ገብቷል።

ለምን ተፈጠሩ?

የእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ልጆች ናቸው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ የሐኪም እጥረት አለብኝ ብላ፣ ሜዲካል ስኩሎች ብዙ ተማሪ ቶሎ እንዲያስመርቁ የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ያፈስ ነበር። በካንሳስ ሲቲ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በ1971 የ6 ዓመቱን ፕሮግራም ጀመረ፤ ተማሪዎቹ የበጋ ዕረፍት ሳይኖራቸው ዓመቱን ሙሉ ይማራሉ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮም ሆስፒታል ይገባሉ። በ1973 በሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮ በአክረን፣ በኬንት ስቴትና በያንግስታውን ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የተመሠረተው ዛሬ ኒዮሜድ የሚባለው ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ሶፊ ዴቪስ ተከፈተ፤ ዓላማው የከተማዋ ድኾችና ጥቁር ልጆች ሐኪም ሆነው ሐኪም ወደሌለበት ሰፈር እንዲመለሱ ነበር። ሶፊ ዴቪስ ለብዙ ዓመታት የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በሌሎች ሜዲካል ስኩሎች ካስጨረሰ በኋላ በ2016 ራሱን የቻለ ሜዲካል ስኩል ሆኗል፤ ፕሮግራሙ 7 ዓመት ነው።

ታሪኩ የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ፕሮግራሙን ያቋቋመው አካል ከልጁ የሚፈልገው ነገር አለው። የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ቢኤ/ኤምዲ በዓመት 28 ተማሪ የሚወስደው በገጠርና ሐኪም በማይደርስባቸው የግዛቷ ክፍሎች የሚሠሩ ሐኪሞችን ለማፍራት ነው። የግል ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የሚፈልገው ሀርቫርድ ወይም ዬል ሊገባ ይችል የነበረን ልጅ ወደ ራሱ ለመሳብ ነው። ማመልከቻውን የሚጽፍ ልጅ በየትኛው ፊት እንደቆመ ማወቅ አለበት። ለኒው ሜክሲኮው ስለ ላቦራቶሪ ምርምር ብቻ መጻፍ፣ ለምርምር ፕሮግራሙ ደግሞ ስለ ገጠር ጤና ብቻ መጻፍ የዓላማ አለመገናኘት ነው።

ፕሮግራሞቹ ዘላለማዊ አለመሆናቸውም መታወቅ አለበት። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1972 የጀመረውን ኢንተፍሌክስ የተባለ ፕሮግራም ዘግቶታል፤ ኖርዝዌስተርን ከ1961 ጀምሮ ይዞት የቆየውን ኤችፒኤምኢም እንዲሁ። በየፎረሙና በየአማካሪው እጅ የሚዞሩት ዝርዝሮች የተዘጉትን ከተከፈቱት ጋር ቀላቅለው ይይዛሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የያዝነውን ዓመት የትምህርት ቤቱን የራሱን ገጽ መክፈት ነው።

ማመልከቻው

ሥራው የሚጀምረው 12ኛ ክፍል ሲገባ ከሆነ ዘግይቷል። ኮመን አፕ የሚባለው የኮሌጆች የጋራ ማመልከቻ ኦገስት 1 ይከፈታል። የብዙዎቹ ቢኤስ/ኤምዲ ፕሮግራሞች ማብቂያ ቀን ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ ከተራው የኮሌጅ ማመልከቻ ቀን ወር ወይም ሁለት ወር ይቀድማል። ቃለ መጠይቁ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው፤ መልሱ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ይደርሳል፣ ልጁ ደግሞ እስከ ሜይ 1 ይወስናል።

እያንዳንዱ ፕሮግራም ከዋናው ድርሰት ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ ጽሑፍ ይጠይቃል። “ለምን ሐኪም?” እና “ለምን አሁኑኑ፣ ለምን በዚህ ፕሮግራም?” የሚሉት በየቦታው አሉ። 10 ፕሮግራም የሚያመለክት ልጅ ከ20 በላይ ድርሰት ሊጽፍ ይችላል። ይህ ሥራ በበጋው ካልተጋመሰ በሴፕቴምበር ከፈተናና ከቤት ሥራ ጋር ተደርቦ ሁሉም ይበላሻል።

በውጤት በኩል፣ ተወዳዳሪ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከክፍላቸው ከፍተኛዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤታቸው ወደ 1500 ይጠጋል ወይም ያልፋል። ፕሮግራሞቹ የሚጽፉት አነስተኛ መስፈርት ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያንን ይዞ “ልጄ ያሟላል” ማለት ግን ያታልላል፤ መስፈርቱ የሚነግረን ማመልከቻው እንደሚነበብ ብቻ ነውና።

ልጆችን የሚለያያቸው ሌላው ነገር ሕክምናን ምን ያህል በቅርብ አይተዋል የሚለው ነው። ኮሚቴው የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይህ ልጅ የሐኪምን ሕይወት አይቶ ነው ወይስ አባትና እናቱ ስለፈለጉ? መልሱ በሰዓት ይቆጠራል። ሐኪም እየተከተሉ ሥራውን ማየት ከ30 እስከ 50 ሰዓት፣ በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን መጦሪያ የበጎ ፈቃድ ሥራ ደግሞ 100 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። በአንድ በጋ የተጨናነቀ 100 ሰዓት በሁለት ዓመት ውስጥ በየሳምንቱ ከተሠራ 100 ሰዓት ያነሰ ክብደት አለው።

እዚህ ላይ የሐበሻ ልጆች የማያውቁት ጥንካሬ አላቸው። ብዙዎቹ ለእናታቸው ወይም ለአያታቸው ክሊኒክ ገብተው አስተርጉመዋል፤ የስኳር መድኃኒት ቅጽ ሞልተዋል፤ የኢንሹራንስ ደብዳቤ አንብበዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ግቢ ውስጥ የደም ግፊት ምርመራ ሲደረግ ቆመዋል። ይህን “የቤት ሥራ” ብለው ስለሚያልፉት ማመልከቻው ላይ አይጽፉትም። ኮመን አፕ የቤተሰብ ኃላፊነትን እንደ እንቅስቃሴ መመዝገብ ይፈቅዳል። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ፣ በየትኛው ቋንቋ ተብሎ መጻፍ አለበት። አያቷ መድኃኒቷን ለምን እንዳቆመች በአማርኛ ጠይቃ ለሐኪሙ የነገረች ልጅ፣ የሕክምናን ከባድ ክፍል በ15 ዓመቷ አይታለች።

የምስክርነት ደብዳቤ ከሁለት አስተማሪዎች፣ አንዱ የሳይንስ፣ እንዲሁም ከካውንስለር ይፈለጋል። 11ኛ ክፍል ሲያልቅ ነው የሚጠየቀው። ካውንስለሮች ብዙ መቶ ልጅ ስላለባቸው ቢኤስ/ኤምዲ የሚያመለክት ልጅ ቀኑን ቀድሞ ካልነገራቸው በኖቬምበር ያስቡታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀኑ አልፏል።

ዋስትናው የሚፈርስባቸው ቦታዎች

ገብቶ መቆየት ከመግባት ያልተናነሰ ፈተና ነው። ፕሮግራሞቹ የሚጠይቁት አማካይ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ነጥብ ከ3.4 እስከ 3.75 ባለው ውስጥ ነው፤ የሳይንሱ ብቻውን ተነጥሎ የሚታይበትም አለ። ቁጥሩ ለሀይስኩል ጎበዝ ቀላል ይመስላል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ገደቡ 3.5 ነው እንበል። ልጁ በሦስት ሴሚስተር በእያንዳንዱ 15 ክሬዲት ወስዶ 3.7 ያዘ። በአራተኛው ሴሚስተር ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተደርበው 2.7 አመጣ። አማካዩ 3.45 ሆነ፤ ከገደቡ በታች ወረደ። ወደ 3.5 ለመመለስ የሚቀጥለውን ሴሚስተር እንደገና በ3.7 መጨረስ አለበት። ፕሮግራሙ ውጤት የሚያጣራው በዓመቱ መጨረሻ ከሆነና የማስተካከያ ጊዜ ካልሰጠ፣ ያ አንድ ሴሚስተር ብቻውን ቦታውን ያሳጣዋል።

ስለዚህ ውሉ ላይ ሦስት ነገር መፈለግ ይገባል፦ ውጤቱ መቼ መቼ እንደሚጣራ፣ ከገደብ በታች የወረደ ተማሪ የማስጠንቀቂያ ሴሚስተር ይሰጠው እንደሆነ፣ እና ከተወሰነ ውጤት በታች አንድ ኮርስ ብቻ መኖሩ ሙሉውን ዋስትና ያፈርስ እንደሆነ። የ6 እና የ7 ዓመት ፕሮግራሞች በዚህ በኩል ይከብዳሉ፤ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ስለተቆረጠ መንሸራተቱን የሚያቃኑበት ጊዜ የለም።

ብዙ ወላጆች የማያውቁት ሌላ ወጥመድ በሀይስኩል የሚወሰድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርት ነው። ዱአል ኢንሮልመንት ይባላል፤ ነፃ ወይም ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል። ልጁ የቢኤስ/ኤምዲ ተማሪ ቢሆንም በብዙ ፕሮግራሞች በመጨረሻው የኮሌጅ ዓመት አምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ውስጥ ማለፉ አይቀርም። አምካስ ደግሞ በ10ኛ ክፍል የተወሰደውንም የኮሌጅ ኮርስ ይቆጥራል። ተደግሞ የተወሰደ ኮርስ ቢኖር ሁለቱንም ውጤት ያስገባል፤ የመጀመሪያውን አይሰርዝም። በ15 ዓመት የመጣች አንዲት ሲ በ21 ዓመት ትታያለች። ኮርሱን ልጁ የሚወስደው ኤ ወይም ቢ እንደሚያመጣ ሲታመን ብቻ ይሁን።

ኤፒ በሚባሉት በሀይስኩል በሚሰጡ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች የሚገኘው ክሬዲትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሜዲካል ስኩሎች ባዮሎጂን ወይም ኬሚስትሪን በኤፒ ብቻ አይቀበሉም፤ ወይ ኮርሱን በኮሌጅ ደግሞ መውሰድ፣ ወይ ከፍ ያለ ኮርስ መጨመር ያስፈልጋል። የተለመደው መስፈርት ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ሁለት ሁለት ሴሚስተር ከላቦራቶሪ ጋር፣ አንድ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ፣ እንዲሁም ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው።

የመጨረሻው የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ከሌላ ሰው መቅዳት፣ በዶርም ውስጥ መጠጥ መገኘት፣ ኮሌጁ በጽሑፍ የቀጣው ማንኛውም ነገር ለሜዲካል ስኩሉ ይነገራል፤ ዋስትናውንም ሊያፈርስ ይችላል።

ገንዘቡ

ጉዳዩን ዘንድሮ ከወትሮው የተለየ ያደረገው ይህ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሜዲካል ስኩል ተማሪ ግራድ ፕላስ በሚባል የፌዴራል ብድር የትምህርት ቤቱን ሙሉ ወጪ መበደር ይችል ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቶታል። በምትኩ የሙያ ተማሪ፣ ማለትም እንደ ሜዲካል ስኩል ባለ የሙያ ትምህርት ቤት የሚማር፣ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ከፌዴራሉ መንግሥት መበደር አይችልም። ወላጅ ለልጁ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚበደረው ፓረንት ፕላስም በዓመት በ20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው በ65 ሺህ ዶላር ተገድቧል። በወላጅ ሥር ያለ የኮሌጅ ተማሪ ራሱ የሚበደረው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ31 ሺህ ዶላር አይበልጥም።

አሁን ዋጋውን እንይ። የ4 ዓመት ሜዲካል ስኩል ጠቅላላ ወጪ፣ ኑሮውን ጨምሮ፣ መካከለኛው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ280 ሺህ ዶላር በላይ፣ በግሎቹ ደግሞ ወደ 390 ሺህ ገደማ ነው። በግሉ የሚማር ልጅ 200 ሺውን ከፌዴራል ቢበደር እንኳ 190 ሺህ ይጎድለዋል። ያ ጉድለት ከባንክ ይመጣል፤ ባንክ ደግሞ ዋስ ፈራሚ ይጠይቃል። ዋስ ፈራሚው ብዙ ጊዜ ታክሲ የሚነዳው ወይም ነርሲንግ ሆም የሚሠራው ወላጅ ነው፤ ልጁ ቢታመም ወይም ትምህርቱን ቢያቋርጥ ዕዳው የእሱ ይሆናል።

በዚህ ላይ ከሜዲካል ስኩል በፊት ያለው ኮሌጅ አለ። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የተለጠፈ ዋጋ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር አልፏል። 4 ዓመት ሲሆን 320 ሺህ ነው፤ ከሜዲካል ስኩሉ ጋር ከ700 ሺህ ዶላር ይበልጣል። በአንጻሩ የግዛቱ ነዋሪ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚከፍለው አማካይ የትምህርት ክፍያ በዓመት 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ቤቱ ሆኖ የሚማር ልጅ የዶርም ወጪ የለበትም።

የተለጠፈው ዋጋ ሁልጊዜ የሚከፈለው አይደለም፤ ይህም በትክክል መታየት አለበት። ብራውን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ያላቸውን ችግር ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ በእርዳታ ጥቅሉ ውስጥም ብድር አያስገባም። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጅ ፒኤልኤምኢ ቢገባ የመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት ከመንግሥት ኮሌጅ ርካሽ ሊሆኑለት ይችላሉ። ያ ልግስና ግን የኮሌጁ ነው፤ ሜዲካል ስኩሉ ሲጀምር ሒሳቡ እንደ አዲስ ይሠራል። የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤው የሚናገረው ስለ አንድ ዓመት እንጂ ስለ 8 ዓመት አይደለም። ለ6 ዓመቱ ፕሮግራም የሚያመለክት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በጽሑፍ ያቅርብ፦ ልጄ ከስንተኛው ዓመት ጀምሮ እንደ ሙያ ተማሪ ይቆጠራል? የብድር ጣሪያው በዚያ ይወሰናል።

ከሁሉም በላይ የማይታየው ወጪ ያመለጠ ዕድል ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ግሮስማን ሜዲካል ስኩል ከ2018 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። በብሮንክስ ያለው አልበርት አይንስታይን በ2024 ባገኘው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ ክፍያውን አንሥቷል። ጆንስ ሆፕኪንስም በዚያው ዓመት በተሰጠው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ ገቢያቸው ከ300 ሺህ ዶላር በታች የሆነ ቤተሰቦችን ልጆች ከትምህርት ክፍያ ነፃ አድርጓል፤ ከሐበሻው ቤተሰብ ብዙው በዚህ ውስጥ ይገባል። በብዙ ቢኤስ/ኤምዲ ፕሮግራሞች ግን ወደ ሌላ ሜዲካል ስኩል ያመለከተ ተማሪ የተያዘለትን ቦታ ያጣል። በ17 ዓመቱ ተሽቀዳድሞ የያዘው ቦታ በ21 ዓመቱ ወደ ነፃው ትምህርት ቤት እንዳይሞክር ያስረዋል። አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ ማመልከትን ይፈቅዳሉ፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ከትምህርት ቤቱ ስም ይበልጥ ሊመዘን የሚገባው ነው።

ነዋሪነትና ወረቀት

ለብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች መጀመሪያ መታየት ያለባቸው በሚኖሩበት ግዛት ያሉ የመንግሥት ፕሮግራሞች ናቸው። ቨርጂኒያ ያሉ በሪችመንድ የቪሲዩ (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ) ኦነርስ ኮሌጅ የሚሰጠውን ዋስትና ያለው መግቢያ ማየት ይችላሉ። ላስ ቬጋስ ያሉ በሪኖ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ የሀይስኩል ተማሪዎች ያለውን የ7 ዓመት ፕሮግራም፣ አትላንታ ያሉ ደግሞ የኦገስታ ዩኒቨርሲቲን ይመልከቱ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲም የቢኤስ/ኤምዲ መንገድ አለው።

ቴክሳስ ያሉ ወላጆች ግን ስለ ጃምፕ ሳይሰሙ ልጃቸውን ኮሌጅ ባይልኩ ይመረጣል። የግዛቱ ምክር ቤት በ2001 በሕግ ያቋቋመው ፕሮግራም ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የቴክሳስ ነዋሪዎች የተዘጋጀ። ተማሪው የሚያመለክተው ከኮሌጅ ሆኖ ነው። ከተመረጠ የኪስ ገንዘብ፣ የበጋ ሥልጠና፣ የኤምካት ዝግጅት ያገኛል፤ መስፈርቱን ካሟላ ከቴክሳስ ሜዲካል ስኩሎች በአንዱ ቦታ ይረጋገጥለታል። ይህ የተሠራው ለአማካሪ ሺዎች ዶላር ለሚከፍሉ ቤተሰቦች እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ወረቀትም ይወስናል። አብዛኞቹ ቢኤስ/ኤምዲ ፕሮግራሞች ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ብቻ ይቀበላሉ። በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ግሪን ካርድ ስላለው ለፌዴራል ድጋፍ ብቁ ነው፤ ጥገኝነት የተፈቀደለትም እንዲሁ። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነ ወይም በቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ያለ ልጅ ግን የፌዴራል ብድርና እርዳታ አያገኝም። ለነዋሪ የሚሆነውን ዝቅተኛ ክፍያ ለማግኘት ብዙ ግዛቶች ቢያንስ የ12 ወር ኑሮ ይጠይቃሉ፤ ልጁ 12ኛ ክፍል እያለ ከግዛት ወደ ግዛት የሚዛወር ቤተሰብ ይህን ቀን ቆጥሮ ይንቀሳቀስ።

ዲኦና የካሪቢያን ግብዣ

ኤምዲ ብቻ ሐኪም ያደርጋል የሚለው እምነት ጥሩ በሮችን ይዘጋል። ዲኦ የሚባለው ዲግሪ ያለው ሰው በአሜሪካ ሙሉ ሐኪም ነው፤ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል፣ መድኃኒትም ያዛል። ከ2020 ጀምሮ የሁለቱም ሬዚደንሲ በአንድ ሥርዓት ይመራል። ሌኮም የተባለው የዲኦ ትምህርት ቤት ከብዙ ኮሌጆች ጋር ባለው የቅድሚያ መግቢያ ስምምነት ኤምካት የማይጠይቅበት መንገድ አለው። ወደ አንዳንድ በጣም ተፈላጊ የስፔሻሊቲ ዘርፎች መግባት ለዲኦ ተመራቂ ይከብደዋል፤ የቤተሰብ ሐኪም፣ የውስጥ ደዌ ወይም የሕፃናት ሐኪም መሆን ለሚፈልግ ግን ጥሩ መንገድ ነው።

በካሪቢያን ደሴቶች ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር “የተያያዘ መግቢያ” የሚል ግብዣ ሲመጣ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካን ሜዲካል ስኩሎች የሚያጸድቀው ኤልሲኤምኢ የሚባለው አካል ያጸደቃቸው አይደሉም፤ ተመራቂዎቻቸው ሬዚደንሲ የሚጠይቁት እንደ ውጭ አገር ተመራቂ ሆነው ነው። ለጥያቄ የሚቀርበው ከተመራቂዎቹ ስንቱ ሬዚደንሲ አገኘ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ከገቡት 100 ተማሪዎች ስንቱ እስከ ምረቃ ደረሰ የሚለው ይቀድማል፤ በመሃል የወደቀው በማስታወቂያው ቁጥር ውስጥ አይታይምና።

ከሜይ 1 በፊት

ቦታ ያገኘ ልጅ የመያዣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ከሁለቱም ወገን፣ ከኮሌጁም ከሜዲካል ስኩሉም፣ የጽሑፍ መልስ ሊያገኝ ይገባል። ዋስትናው በሜዲካል ስኩሉ ዲን ቢሮ ተፈርሞ ነው ወይስ በኮሌጁ የቅበላ ክፍል ብቻ? ኤምካት ካለ በየትኛው ዓመት የወጣው መስፈርት ነው የሚሠራው፣ የገባበት ወይስ የሚያልፍበት? ልጁ ሕክምናን ቢተው፣ የያዘው ስኮላርሺፕ ይቀጥላል ወይስ ከፕሮግራሙ ጋር ይሄዳል? ለአንድ ዓመት ትምህርት ማቋረጥ ቢያስፈልግ፣ እናት ብትታመም ወይም ልጁ ራሱ ቢደክም፣ ቦታው ይጠብቀዋል? ባለፉት ሦስት ዓመታት ከገቡት መካከል ስንቱ ወደ ሜዲካል ስኩሉ አለፈ?

ለመጨረሻው ጥያቄ ቁጥር የማይሰጥ ቢሮ ካለ፣ አሁን በሦስተኛ ዓመት ያሉ ተማሪዎችን ማነጋገር እንዲቻል መጠየቅ ይገባል። ብዙ ፕሮግራሞች ያገናኛሉ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አብረዋት ከገቡት ውስጥ ስንቱ እንደቀሩ፣ በየትኛው ኮርስ ላይ እንደወደቁና ቢሮው ያን ጊዜ እንዴት እንደያዛቸው በግማሽ ሰዓት ስልክ ትናገራለች። ይህን ጥያቄ ልጁ ራሱ ይጠይቅ፤ የሚማረው እሱ ነው።